የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የለየነው ቆሻሻ የት ይደርሳል?

ባለፈው እትም ለአንድ አንባቢ በሰጠነው መልስ፣ የሚበሰብሰውንና የማይበሰብሰውን የቤት ቆሻሻ ለይቶ በሁለት ዕቃ ማስቀመጥ ያን ያህል የሚከብድ ሥራ እንዳልሆነ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚሞግቱን ናቸው፤ ደግመን ስናነባቸውም ሙግታቸው እውነትነት ያለው ሆኖ አግኝተነዋል። ቤት ውስጥ መለየቱ በእርግጥም አይከብድም። የከበደው ተለይቶ ከደጃፍ የወጣው ነገር እንደተለየ እስከ መጨረሻው እንዲጓዝ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ ቤተሰብ አቅም የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተን፣ ከመሐል አዲስ አበባ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ስምና የወረዳቸውን ቁጥር ሆን ብለን ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጆች፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው መሐል ከተማ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሠራተኞች መጥተው ለየቤቱ አረንጓዴና ቢጫ ከረጢት አደሉ፤ የሚበሰብሰውን በአረንጓዴው፣ ሃይላንዱንና ካርቶኑን በቢጫው እንድናስቀምጥም አስተማሩን። ሁለት ወር ሙሉ ሳላዛንፍ ለየሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች የእኔኑ ሁለት ከረጢት አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገልብጠው በጋሪ ሲወስዱት አየሁ። የ9 ዓመት ልጄም አብራኝ አይታ ኖሮ «እማዬ፣ ታዲያ ለምንድን ነው የምንለየው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

መልስ፦ ለልጅዎ የሚሰጠው ሐቀኛ መልስ፣ ለጊዜው የለያችሁት በከንቱ ነው የሚል ነው። እንዲህ ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ ይሁንና ልጅቱ ያየችውን በዓይኗ አይታለችና የሚያታልላት ቃል አይገኝም።

ልጆቹን ግን አይቀየሟቸው። ከደጃፍዎ የወጣው ቆሻሻ በጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳው ደግሞ በከተማው መኪና ወደ ረጲ የቆሻሻ መድፊያ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ላይ ቢጫውን ከረጢት ለብቻው የሚቀበል አንድም ቦታ ካልተዘጋጀ፣ ልጆቹ ተጠንቅቀው ለይተው ቢወስዱትም መጨረሻ ላይ የሚደፉት እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው። የማኅበሩ ክፍያ ወደ ገንዳ ባደረሰው ቆሻሻ መጠን የሚሰላ ከሆነ ደግሞ፣ ለይቶ የሚያስቀረው እያንዳንዱ ኪሎ ከራሱ ኪስ የሚቀነስ ነው። ማንም ሰው በገዛ ጉልበቱ ደመወዙን እንዲቀንስ ሊጠየቅ አይገባም።

በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይና ለዚሁ ወደተዘጋጀ የመሰብሰቢያ ቦታ እንዲደርስ እንዲያደርግ ጠይቆ ነበር። «ለዚሁ ወደተዘጋጀ ቦታ» የሚለውን ሐረግ ልብ ይበሉልን። ግዴታው ሁለት እግር አለው፤ እርስዎ በአንዱ ቆመው ሁለተኛውን እየጠበቁ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሁሉንም ለመለየት መድከሙን ይተዉትና ገዢ ያለውን ብቻ ያስቀምጡ። ሃይላንድ፣ ደረቅ ካርቶን፣ ጣሳና ብረታ ብረት ዛሬም ገዢ አላቸው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው፣ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው እንደሚባለው፣ ማንም የከተማ ዕቅድ ሳይጽፍለት ለረጅም ዘመን ይህንኑ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው። ልዋጭ የሚሉትም እንዲሁ፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው የፕላስቲክ ጆግና ሳፋ ይሰጣሉ። የሰበሰቡት ዞሮ ዞሮ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራና አካባቢው ይገባል፤ እዚያ አሮጌው በርሜል ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶና ገመድ ሆኖ ይወጣል። የብሎካችሁ ኮሚቴ ከእነዚህ ሰዎች ከአንዱ ጋር፣ የተሻለው ደግሞ ራሱ ቆሻሻችሁን ከሚወስደው ማኅበር ጋር፣ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀንና ሰዓት ቢዋዋል፣ ቢጫው ከረጢት ከጋሪው ጋር የሚገናኝበት ምክንያት አይኖርም። ሽያጩ ለልጆቹ ቢሆን ደግሞ የሚቀላቅልባችሁ አይኖርም። ለልጅዎም «አሁን የሚሄደው ወደዚያ ነው» ብለው በጣትዎ የሚያሳዩት ነገር ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ የምሠራው መሐል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ወረዳ ውስጥ በጽዳት ባለሙያነት ነው። ሦስት የኮንዶሚኒየም ብሎኮችንና አንድ የግቢ ቤቶች መንደርን ይዘን፣ ወደ 200 በሚጠጉ ቤቶች ለስድስት ወር ቆሻሻን ከምንጩ የመለየት ሥራ ሞክረናል። የመጀመሪያው ወር የሚያኮራ ነበር፤ ከሦስተኛው ወር ወዲህ ግን በትክክል የሚለየው ቤት ከግማሽ በታች ወረደ። አለቆቻችን ግን የመጀመሪያውን ወር ሪፖርት ይዘው ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሥራው ወደ ወረዳው በሙሉ እንዲሰፋ ወስነዋል። የተያዘው በጀት ባለ ሦስት ቀለም የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ለመግዛት የሚሆን ነው። የማስፋፊያ ዕቅዱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ከየት ልጀምር? ያሽቆለቆለውንስ እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ የማጠራቀሚያውን ግዢ ያዘግዩት። የሚገዛ ዕቃ በፎቶግራፍ ያምራል፣ በሪፖርትም ለመቁጠር ይመቻል፤ ነገር ግን ባለ ሦስት ቀለም ገንዳ አንድ ሆድ ባለው መኪና የሚነሣ ከሆነ ቀለሙ ጌጥ ነው።

ዕቅድዎን ከገዢው በር ተነሥተው ወደ ኋላ፣ እስከ ነዋሪው ማድቤት ድረስ ይጻፉት። በመጀመሪያ ፕላስቲክ የሚፈጩትን፣ ካርቶንና ወረቀት ለፋብሪካ የሚያቀርቡትን፣ ብረት የሚያቀልጡትን፣ ሰፈር ውስጥ መጋዘን የያዙትን መካከለኛ ነጋዴዎች ሳይቀር በአካል ሄደው ያነጋግሩ። ከእነሱ የሚፈልጉት ዋጋቸውን ብቻ አይደለም። የሚቀበሉት ትንሹ ጭነት ስንት ኪሎ ነው? ጠርሙሱን እንዳለ ይወስዳሉ ወይስ ተጨፍልቆ ታስሮ ነው የሚፈልጉት? ዘይት የነካው ጠርሙስ ወይም ሽሮ የፈሰሰበት ካርቶን ሲደርሳቸው ያንን ብቻ ይመልሳሉ ወይስ ጭነቱን በሙሉ? የማጓጓዣው ወጪስ የማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለነዋሪው ምን ብለው እንደሚያስተምሩት ይነግርዎታል። ገዢ የሌለውን ነገር «ለዩ» ብሎ ማስተማር የሕዝብን ጉልበት ማባከን ነው፤ የቺፕስ ማሸጊያውንና ስሱን ፌስታል ይተዉት፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት በላይ አይጨምሩ።

ቀጥሎ ልኬት ይመጣል። ለስሌት ያህል በቤት አራት ሰው፣ በሰው በቀን 0.4 ኪሎ ቆሻሻ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ 10 በመቶው የሚሸጥ ደረቅ ነገር ነው እንበል። የ200 ቤቶችዎ ሙከራ በቀን 32 ኪሎ፣ በወር አንድ ቶን ገደማ ያስገኛል። ወረዳዎ 5,000 ቤት ቢኖረው ይኸው ስሌት በቀን 800 ኪሎ፣ በወር 24 ቶን ይሆናል። ቁጥሮቹ የእኛ ግምት ናቸውና በራስዎ ልኬት ይተኳቸው፤ ሊያሳስብዎት የሚገባው ግን ቦታው ነው። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ የሚመዝነው ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ በመሆኑ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ከ800ው ኪሎ ሩቡ ጠርሙስ ቢሆን፣ ሳይጨፈለቅ በየቀኑ ከ7 እስከ 10 ሜትር ኩብ ይይዛል። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ፣ መሬት በካሬ ሜትር በሚቆጠርበትና ክፍት የነበረው ቦታ ሁሉ በኮሪደር ልማቱ መናፈሻና የእግረኛ መንገድ በሆነበት ሰፈር፣ ይህን የት ያቆዩታል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሐምሌ 1 ቢደርስ፣ የተለየው ጠርሙስ ክረምቱን ከቤት ውጪ ያሳልፋል፤ ጎርፉ ጠራርጎም ወደ ባንቲይቀጡ ወንዝ ያወርደዋል። ስለዚህ ከበጀቱ የመጀመሪያው ብር መሄድ ያለበት ጣራ ላለው መለያ ቦታ፣ ለአንድ ሚዛንና ለአንድ መጭመቂያ ማሽን ነው። በኮንዶሚኒየም ግቢ ለማረጃና ለድግስ ተብለው የተሠሩት የጋራ ቤቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በበዓል ሰሞን ብቻ ስለሆነ፣ ነዋሪው ከፈቀደ ለአነስተኛ መለያነት ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ልኬቱን አንድ ቀን መዝነው አይጨርሱት። ቢያንስ ሰባት ተከታታይ ቀን መመዘን በየትም ከተማ የተለመደ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ሰባት ቀንም አይበቃም። የሁዳዴ ሳምንት ቆሻሻና የፋሲካ ማግስት ቆሻሻ የአንድ ቤት ቆሻሻ አይመስሉም። በክረምት የበቆሎ ልባስና ቆረቆንዳ ገንዳውን ይሞላዋል፤ በዘመን መለወጫ ቄጤማው፣ በበዓል ሁሉ ላባውና ፈርሱ አለ። ከሰል በሚያነድዱ ቤቶች ደግሞ አመዱ ካርቶኑንም ጠርሙሱንም አበላሽቶ ዋጋቸውን ይጥለዋል፤ ያልበረደ ከሆነ ገንዳውን ያነድዳል። ቢያንስ አንድ የጾም ሳምንት፣ አንድ የፍስክ ሳምንትና አንድ የክረምት ሳምንት ይመዝኑ። የመስሪያ ቤቶችንና የሆቴሎችን ደግሞ ከመኖሪያ ቤቶች ለይተው ይመዝኑ፤ በመሐል ከተማ ወረዳ ቀን የሚውለው ሰው ማታ ከሚያድረው ይበልጣልና።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ሥራው በሽያጩ ራሱን ይችላል» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ደጋግሞ ይነሣል። ለዚህ የምናቀርበው መልስ የበግ ቆዳ ነው። በልጅነታችን የበዓል ማለዳ ሲያልፍ «ቆዳ አለ?» የሚል ድምፅ ከበር በር አይጠፋም ነበር፤ ቤተሰብም ቆዳውን ጨው ነስንሶ አጥፎ ይጠብቅ ነበር። አዋጅ አልነበረም፣ ሥልጠና አልነበረም፣ ባለ ቀለም ከረጢት አልነበረም፤ የከተማው ሕዝብ በሙሉ ግን ቆዳን ከቆሻሻ ይለይ ነበር። በቅርብ ዓመታት የቆዳ ዋጋ ሲወድቅ ገዢው መምጣት ቀረ፤ ከጥቂት በዓላት በኋላም ያው ሕዝብ ያንኑ ቆዳ ከገንዳ ሥር ይጥለው ጀመር። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሕዝቡ ንቃተ ኅሊና አልተለወጠም። የፕላስቲክና የካርቶን ዋጋም ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የወረደ ቀን ሥራው የቆዳው ዕጣ እንዳይደርሰው ከፈለጉ፣ ሰብሳቢው ከሽያጩ ሌላ ለአገልግሎቱ የሚከፈለው ገንዘብ ሊኖረው ይገባል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ነዋሪው የጽዳት ክፍያ አስቀድሞም ይከፍላል። ሊለወጥ የሚገባው ማኅበሩ የሚከፈልበት መንገድ ነው። ለገንዳ ለሚደርሰው ኪሎ የሚከፈለው ዋጋ፣ ተለይቶ ለመለያ ቦታው ለሚደርሰው ኪሎም ቢከፈል፣ ከዚያም በላይ ሽያጩ የማኅበሩ ቢሆን፣ ማኅበሩ መለየትን እንደ ትርፍ ያየዋል። ከተማውም አይጎዳም፤ ወደ ረጲ ያልተጓዘ ኪሎ የነዳጅና የመኪና ወጪ አላስወጣም። ይህን ክፍያ የመለወጥ ሥልጣን በወረዳ ደረጃ ላይኖር ይችላል፤ ከሌለ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቅድመ ሁኔታ አድርገው ይጻፉት፣ በአባሪ ውስጥ አይቅበሩት።

ቆራሌዎቹንስ? ዕቅዱ ከእነሱ ጋር የሚሻማ ከሆነ ይሸነፋል። እነሱ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ጥሩ ጥሩውን ለቅመው ሲሄዱ የማኅበሩ ጋሪ የሚያገኘው የማይሸጠውን ነው። በሕንድ የፑኔ ከተማ ቆሻሻ ለቃሚ ሴቶች በራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ከ2008 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ጀምሮ ከከተማው አስተዳደር ጋር ተዋውለው ከቤት ቤት ይሰበስባሉ፤ ቤተሰቦች የአገልግሎት ክፍያ ይከፍሏቸዋል፣ የሚሸጠውን ነገር ሽያጭ ደግሞ ራሳቸው ይወስዳሉ። በብራዚል የኩሪቲባ ከተማ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ በድሃ ሰፈሮች ነዋሪው አራት ኪሎ ደረቅ ቆሻሻ አምጥቶ አንድ ኪሎ አትክልትና ፍራፍሬ ይለውጥ ነበር። ስለ ኩሪቲባ በዓለም ላይ ብዙ ተጽፏል፤ የእኛ ሰው ቢያነበው ግን «ልዋጭ ነዋ!» ብሎ ማለፉ አይቀርም። በወረዳዎ ያሉትን ቆራሌዎች ቆጥረው፣ መታወቂያና የመለያ ቦታው ላይ የመሸጥ መብት ሰጥተው ሚዛን ላይ የሚገናኙበትን መንገድ ቢያበጁ፣ ያላቸው እውቀት ከማንኛውም አማካሪ ሪፖርት ይሻልዎታል። የትኛው ቤት ስንት ጠርሙስ እንደሚያወጣ እነሱ ያውቃሉ።

ለመስፋፋት ያለን ምክር በአካባቢ ስፋት ሳይሆን በዓይነት እንዲሄዱ ነው። መጀመሪያ መስሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች ይግቡ፤ ቆሻሻቸው ብዙ ወረቀት፣ ካርቶንና ጠርሙስ ያለበት ሆኖ፣ ጥቂት በሮችን በማንኳኳት ብዙ ኪሎ ይገኝበታል፣ የሚጠየቅ ኃላፊም አለው። ቀጥሎ ኮንዶሚኒየሞች፤ ኮሚቴ ስላላቸውና ሁሉም በአንድ ደረጃ ስለሚወርዱ። የግቢ ቤቶችና የቀበሌ ቤቶች የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። ይህን ስንል የቀበሌ ቤት ነዋሪ አይለይም ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ሁለተኛ የቆሻሻ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ጥግ የለውም። ለእነዚህ ሰፈሮች የጋራ ማስቀመጫ ያስፈልጋል፤ ጠባቂው ማን እንደሚሆን ደግሞ ከእድሩ ጋር መነጋገር ይሻላል። በመልሶ ማልማት የሚነሡ ሰፈሮችን ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ማደስንም አይርሱ፤ በዕቅድዎ ላይ ያለ መንደር በጥር ላይኖር ይችላል።

ስለ ማሽቆልቆሉ የጠየቁትን አልዘነጋነውም። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ሙከራ ላይ ሠርቶ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። ያን ጊዜ ነዋሪው ሰነፈ ብለን ሁለተኛ ዙር ሥልጠና አዘጋጀን፣ ሻይና ቆሎ ሳይቀር አቀረብን፤ አልተሻለም። በኋላ የመሰብሰቢያውን መዝገብ ስናገላብጥ፣ ደረቁን የሚወስደው ጋሪ በሁለተኛው ወር ከስምንት ቀጠሮ ሦስቱን ብቻ እንደመጣ አየን። የሞላ ከረጢት ይዞ ሦስት ሳምንት ኮሪደር ላይ የጠበቀ ሰው በአራተኛው ሳምንት ሁሉንም አንድ ላይ መጣሉ ስንፍና ሊባል አይችልም። የእርስዎንም መዝገብ ያውጡና የተሰረዙትን ቀኖች ማሽቆልቆሉ ከጀመረበት ሳምንት ጋር ያስተያዩ። ከተገጣጠሙ፣ ለአለቆችዎ የሚያስረዱት ስለ ጋሪ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ስለ ሰው ባሕርይ ከማስረዳት ይቀላል።

ሪፖርትዎ ላይም ስንት ቤት ሠለጠነ፣ ስንት ከረጢት ታደለ የሚለውን በአንድ መስመር ይጨርሱት። ገጹን ለሦስት ቁጥሮች ይስጡ፦ በቀጠሮው ቀን የተሰበሰበው ከመቶ ስንት ነው፣ ለገዢ የተሸጠው ስንት ኪሎ ነው፣ ከተለየው ውስጥ ቆሽሾ ተመልሶ ወደ ገንዳ የሄደው ስንት ኪሎ ነው። ሦስተኛው ቁጥር አያኮራም፤ ሆኖም ሳይደብቁ ይጻፉት፣ ማስተማር ያለብዎትን የሚነግርዎት እሱ ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በአንድ ዙር ለሦስት ተከታታይ ወር ካልተስተካከሉ ወደሚቀጥለው ዙር አይለፉ። አለቆችዎ ሐምሌ 1ን አጥብቀው ከያዙ፣ በዚያ ቀን መስሪያ ቤቶቹን ያስጀምሩ፤ «ወረዳው በሙሉ ጀምሯል» ለማለት የሚያስችል እውነት ይሆናል፣ የሚያስጨንቅም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ረጲ ላይ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቷል። ሁሉም ነገር የሚቃጠል ከሆነ መለየቱ ለምን አስፈለገ? ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ጥያቄዬ የእልኸኝነት አይደለም።

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም የተመረቀው ጣቢያ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የተተከለው ከተማው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ቆሻሻውን ሲደፋበት ከኖረው፣ ሕዝቡ ቆሼ ከሚለው ስፍራ አጠገብ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን እንደቀበረ እርስዎም ያስታውሳሉ፤ ክምሩን የሚቀንስ ማንኛውም መንገድ በዚህ ሚዛን ቢታይ አይደንቅም።

ነገር ግን የእኛ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ ትርፍራፊ፣ ቅጠል። ይህ ውኃ ያዘለ ነው፤ እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲገባ እሳቱ መጀመሪያ ውኃውን ለማድረቅ እንደሚደክም ሁሉ፣ ጣቢያውም ከሚያገኘው ሙቀት ብዙውን እርጥበት ለማትነን ያውለዋል። የመስታወት ጠርሙስ፣ ብረትና አመድም አይነድዱም። ስለዚህ የሚበሰብሰውን ለይቶ ወደ ኮምፖስት መውሰድ ለጣቢያው ጥቅም ነው። አንድ የሚያጣላ ነገር ግን አለ፤ ፕላስቲክና ካርቶን በደንብ የሚነድዱ በመሆናቸው እነሱን ለገዢ በለየን መጠን ለእሳቱ የሚተርፈው ይቀንሳል። እኛ ለገዢው እንወግናለን፤ አንዴ የነደደ ካርቶን ሁለተኛ ካርቶን አይሆንም፣ የቀረው የማይሸጥ ደረቅ ቆሻሻም ለማቃጠያው አያንስም። ከተማው ሁለቱን ሲያቅድ ግን ለአንዱ ቃል የገባውን ኪሎ ለሌላው ደግሞ ቃል እንዳይገባ በአንድ መዝገብ ላይ ሊያሰፍረው ይገባል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ካፌ አለኝ። በቀን ሁለት ባልዲ የቡና አተላና አንድ ባልዲ የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ እናወጣለን። መጣሉ ይቆጨኛል፤ ምን ላድርገው?

መልስ፦ የቡናው አተላ በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ ለኮምፖስት ጥሩ ነው፤ ለብቻው ሲከመር ግን ይጠጥራል፣ አየርና ውኃም አያሳልፍም። ከክምሩ በመጠን ከአንድ አምስተኛ ባያልፍ ይመረጣል። ሌላው ደረቅ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶንና ከአናጺ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይሁን፤ ልጣጩም ከእነዚህ ጋር ይገባል። ሥጋ፣ ዘይት የበዛበት ወጥና አጥንት አያስገቡ፤ ሽታውና አይጡ ጎረቤት ያጣላሉ። በየሳምንቱ ይገላብጡት፣ ሲጨብጡት እንደተጨመቀ ስፖንጅ እርጥብ ይሁን እንጂ አያንጠባጥብ።

ቦታ ከሌለዎት (ፒያሳ ላይ መኖሩን እንጠራጠራለን) አተላውን ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጠው በአቅራቢያዎ የከተማ ግብርና የሚሠሩ ወጣቶችን ወይም ችግኝ ጣቢያን ያነጋግሩ። በየሁለት ቀኑ እንዲወስዱ ይስማሙ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይሻግታል። ጎረቤት ካፌዎችን ሦስት አራት ሆናችሁ ብትተባበሩ ለሚወስደው ሰው የጋሪ ሙሉ ስለሚሆን መምጣቱ ያዋጣዋል። የወተት ፌስታሉን፣ የስኳር ወረቀቱንና የፕላስቲክ ማማሰያውን ግን አስተናጋጆቹ ከሲኒው ጋር አብረው ባልዲው ውስጥ እንዳይጥሉት ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው፤ ኮምፖስት የሚሠሩት ወጣቶች አንዴ እጃቸውን ከተው ፌስታል ካወጡበት፣ ያንን ባልዲ ሁለተኛ አይወስዱም።